ታርሞና ተሻሽሎ ቀረበ፦ የታተመ ልቦለድ እንደገና ሲጻፍ

ከሳሎንዎ መደርደሪያ ላይ አንድ የቆየ ልቦለድ ያውርዱና የርዕሱን ገጽ ይግለጡት። ከጀርባው በትንንሽ ፊደላት የተደረደሩ ዓመተ ምሕረቶች ያገኛሉ፤ አንደኛ እትም፣ ሁለተኛ እትም፣ ሦስተኛ እትም እያለ ይቀጥላል። መጽሐፍ ስንገዛ ሽፋኑን እናያለን፣ ዋጋውን እናያለን፤ ይህችን ገጽ ግን ዘለናት እናልፋለን። ልጅዎ ከጓደኛው ጋር ‹‹እኔ ያነበብኩት እንዲህ አይልም›› እያለ ቢከራከር፣ ወይም እርስዎ በወጣትነትዎ የወደዱትን መጽሐፍ ዛሬ ደግመው ሲያነቡት አንድ ነገር የጎደለ ቢመስልዎ፣ መጀመሪያ ማየት ያለብዎ እዚያች ገጽ ላይ ነው።

በሕትመት ሙያ ‹እትም› እና ‹ሕትመት› አንድ አይደሉም። መጽሐፉ አልቆ ገበያው ሲፈልገው ያው ገጽ ሳይነካ ተመልሶ ማተሚያ ቤት ከገባ፣ ድጋሚ ሕትመት ነው። ደራሲው ወይም አርታኢው እጁን አስገብቶ ጽሑፉን ከለወጠው ግን አዲስ እትም ይባላል። እኛ ዘንድ ሁለቱን መቀላቀል የተለመደ ነው፤ አንድ ፊደል ያልተነካበት መጽሐፍ ‹‹አምስተኛ እትም›› ተብሎ ቢወጣ ማንም አይደነግጥም። ይህስ ብዙ ጉዳት የለውም። የሚያሳስበው ተቃራኒው ነው፤ ገጽ ተቀንሶለት፣ ቃል ተቀይሮለት፣ ለገዢው ምንም ሳይነገረው የሚወጣው መጽሐፍ።

የታተመ ልቦለድ ተመልሶ የደራሲው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው በብዙ ምክንያት ነው። አንዳንዱ የፊደል ግድፈት ለማረም ብቻ ይመለሳል፣ አንዳንዱ ዕድሜው ሲገፋ የድሮ አጻጻፉ አልጥምህ ይለዋል። አሜሪካዊው ሄንሪ ጄምስ ስልሳ ዓመት ካለፈው በኋላ የወጣትነት ልቦለዶቹን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እየፈተሸ፣ እ.ኤ.አ. ከ1907 እስከ 1909 በ24 ቅጾች አሳትሟቸዋል። አንባቢዎቹ የ1881ዱ ይሻላል የ1908ቱ እየተባባሉ እስከ ዛሬ ይሟገታሉ። አንዳንዱ ደራሲ ደግሞ የሚመለሰው ሕይወት ራሷ ስለለወጠችው ነው።

ሜሪ ሼሊ ‹ፍራንከንስታይን›ን ስታሳትም 20 ዓመቷ ነበር። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1818 መጀመሪያ ለንደን ውስጥ በሦስት ቅጽ፣ በ500 ቅጂ ብቻ፣ ስሟ ሳይጻፍበት ወጣ። በ1831 በአንድ ቅጽ ተጠቃሎ እንዲታተም ሲፈለግ 34 ዓመት ሆኗታል። በመካከሉ ባሏ ባሕር ውስጥ ሰጥሞ ሞቷል፤ ከወለደቻቸው አራት ልጆችም የቀራት አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ ብዕሯን ስታነሳ የነካችው የቋንቋ ውበቱን ብቻ አልነበረም። በመጀመሪያው እትም የዋናው ገጸ ባሕርይ እጮኛ ኤልሳቤጥ የአክስቱ ልጅ ነበረች፤ በ1831ዱ ግን ጣልያን አገር ድሆች ቤት ተገኝታ ወደ ቤተሰቡ የገባች ሕፃን ሆናለች። ከዚህም የሚበልጠው የታሪኩ መንፈስ ነው። በ20 ዓመቷ የጻፈችው ሳይንቲስት ጥፋቱን በራሱ ምርጫ የሚሠራ ሰው ነው፤ በ34 ዓመቷ ያቃናችው ግን ዕጣ ፈንታ እየጎተተ የሚወስደው ይመስላል። ሁለቱም ዛሬ ይሸጣሉ። ‹ፍራንከንስታይን›ን ለልጅዎ ሲገዙ የትኛዋን ሜሪ እንደገዙ የሚነግርዎ ያችው የርዕሱ ጀርባ ገጽ ናት።

ከቤቱ ገዢ ሚስት የመጣ ደብዳቤ

ለአንድ ልቦለድ መታረም ምክንያት ከሆኑ ሰዎች ሁሉ እኔ የምወዳት ኤሊዛ ዴቪስን ነው። ደራሲ አይደለችም፣ ሐያሲም አይደለችም። ባለቤቷ እ.ኤ.አ. በ1860 ለንደን የሚገኘውን ታቪስቶክ ሃውስ የተባለ ቤት ከቻርልስ ዲከንስ የገዛ ሰው ነው። ቤተሰቡ አይሁዳውያን ናቸው።

ዲከንስ ‹ኦሊቨር ትዊስት›ን የጻፈው ከዚያ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1837 እና በ1839 መካከል በመጽሔት ላይ በተከታታይ እያወጣ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የጎዳና ልጆችን ኪስ ማውለቅ የሚያሠለጥነው ሽማግሌ ስሙ ፌገን ነው። ተራኪው ግን በስሙ ከመጥራት ይልቅ ‹‹አይሁዳዊው››፣ ‹‹አይሁዳዊው›› እያለ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይደጋግመዋል። ሌሎቹም ክፉዎች ናቸው፤ ግን ማንም በእምነቱ ወይም በዘሩ አይጠራም። ቢል ሳይክስ ሴት የሚገድል አውሬ ነው፤ ያም ሆኖ ሁልጊዜ ሳይክስ ነው።

ወይዘሮ ዴቪስ በ1863 ለዲከንስ ደብዳቤ ጻፈች። በዚህ መጽሐፍ በሕዝቧ ላይ ትልቅ በደል እንደተፈጸመ አልሸሸገችውም። ዲከንስ በዚያ ጊዜ በእንግሊዝ ምድር ከሁሉ የገነነ ደራሲ ነው። የመጀመሪያ መልሱም እንደ ብዙዎቻችን መልስ ነበር፤ ራሱን ተከላከለ። በታሪኩ ዘመን እንዲህ ያለው ወንጀለኛ አይሁዳዊ መሆኑ የተለመደ ነበር፣ የቀሩት ክፉዎች ደግሞ ክርስቲያኖች ናቸው አለ። ደብዳቤው ግን ከአእምሮው የወጣ አይመስልም። በ1864 ማተም በጀመረው ቀጣይ ልቦለዱ ራያ የተባለ ደግ ሽማግሌ አይሁዳዊ አስገባ። ከዚያም በ1867 ሥራዎቹ ሁሉ ተሰብስበው በአዲስ መልክ ሲታተሙ ወደ ‹ኦሊቨር ትዊስት› ተመለሰ።

ታሪኩን አልለወጠውም። ፌገን ያው ሌባ አሠልጣኝ ነው፣ መጨረሻውም ያው ስቅላት ነው። ዲከንስ ያደረገው ‹‹አይሁዳዊው›› የሚለውን ቃል እየሰረዘ ‹‹ፌገን›› ወይም ‹‹እሱ›› ብሎ መተካት ብቻ ነው፤ ከምዕራፍ ርዕስ ውስጥ ሳይቀር አውጥቶታል። ዛሬ መጽሐፉን በጥንቃቄ የሚያነብ ሰው ግን አንድ እንግዳ ነገር ያያል። በመጀመሪያው አጋማሽ ቃሉ እንዳለ ነው፤ ከሠላሳ ስምንተኛው ምዕራፍ ወዲያ ግን እየጠፋ ይሄዳል። ሰውየው እርማቱን የጀመረው የመጽሐፉ ግማሽ ያህል ፊደሉ ተለቅሞ ካለቀ በኋላ ነው። ፍጹም እስኪሆን ልጠብቅ አላለም፤ ከደረሰበት ገጽ ጀመረ። በዚያው ዓመት ወይዘሮ ዴቪስ በዕብራይስጥና በእንግሊዝኛ የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ በስጦታ ላከችለት።

አንድ ቃል ማውጣት ምን ለውጥ ያመጣል የሚል ይኖራል። የአንድ ሰው ጥፋት ሦስት መቶ ጊዜ በወገኑ ስም ሲጠራ፣ ጥፋቱ የወገኑ ይሆናል። ይህን ለማስረዳት እስከ ለንደን መሄድም አያስፈልግም። በእኛም የቆዩ ልቦለዶች ውስጥ ሰው በስሙ ሳይሆን በአካል ጉዳቱ፣ በሙያው ወይም በመጣበት ብሔር የሚጠራባቸው ገጾች አሉ። ‹‹አንካሳው›› ሲባል፣ ‹‹ቀጥቃጩ›› ሲባል፣ ድምፁ የገጸ ባሕርያቱ ከሆነ የዘመኑን ሰው አፍ ያሳየናል፤ ይህ መቆየት ያለበት ይመስለኛል። ድምፁ የተራኪው ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ዲከንስ ሲያርም ያደረገው ልዩነትም ይኸው ነው፤ ገጸ ባሕርያቱ በአፋቸው የሚሉትን ብዙውን ትቶ የራሱን አፍ አጠበ።

እንቆቅልሽ ተሸንፎ ስጦታ የሰጠው ጎለም

አሁን ደግሞ ቀለል ወዳለው እንለፍ። በቤትዎ ‹ሆቢት›ን የሚወድ ልጅ ካለ ይህን ቢያጫውቱት ደስ ይለዋል።

ጄ. አር. አር. ቶልኪን ‹ሆቢት›ን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1937 ነው። አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ትንሹ ቢልቦ በዋሻ ጨለማ ውስጥ ጎለም ከሚባል ፍጡር ጋር ይገናኝና እንቆቅልሽ ይጫወታሉ። በእኛ ጨዋታ የተሸነፈ አገር ይሰጣል፤ በእነሱ ደግሞ ቢልቦ ከተሸነፈ ይበላል። ካሸነፈስ? በመጀመሪያው እትም ጎለም ስጦታ ሊሰጠው ቃል ገብቶ ነበር፤ ስጦታውም ቀለበቱ ነው። ቢልቦ ሲያሸንፍ ጎለም ቀለበቱን ፈልጎ ያጣዋል። አፍሮ ይቅርታ ይጠይቅና በስጦታው ፋንታ መውጫውን መንገድ ያሳየዋል። በሰላም ይለያያሉ።

ከዚያ ቶልኪን ‹የቀለበቶች ጌታ›ን መጻፍ ጀመረ። በአዲሱ ታሪክ ቀለበቷ ተራ ዕቃ መሆኗ ቀርቶ የያዛትን ሰው ልቡን የምትገዛ ክፉ ኃይል ሆነች። እንዲህ ያለችውን ቀለበት ጎለም እንዴት በስጦታ ሊሰጥ ይችላል? በ1947 ቶልኪን ለአሳታሚዎቹ ሌሎች እርማቶችን ሲልክ፣ ምዕራፉ እንደገና ቢጻፍ ምን እንደሚመስል ለናሙና ያህል አያይዞ ላከ። እነሱ ዝም አሉ። በ1950 የአዲሱ እትም የማረሚያ ገጾች ሲደርሱት ናሙናው እንዳለ መጽሐፉ ውስጥ ገብቶ አየና ተገረመ። በ1951 በዚያው ወጣ። ዛሬ ልጆች የሚያነቡት ጎለም ቀለበቱ ሲጠፋበት ‹‹ሌባ!›› እያለ ቢልቦን የሚረግመው ነው።

የወጡትን የመጀመሪያ እትሞች ግን ከሰዎች ቤት መሰብሰብ አይቻልም። ቶልኪን ለዚህ ያገኘው መላ ከሰማኋቸው ሁሉ ብልህ ነው። የድሮው ታሪክ፣ ቢልቦ ቀለበቱን በሐቅ ያገኘው ለማስመሰል ለጓደኞቹ ያወራው ውሸት ነው አለ። አዲሱ ደግሞ እውነቱ ነው። ያረጀው እትም ከስሕተትነት ወጥቶ የታሪኩ አካል ሆነ።

የዚያው ሰው ሌላ ሙከራ ግን በዚህ መልክ አላበቃም። በ1960 ቶልኪን ‹ሆቢት›ን ከመጀመሪያው ገጽ አንሥቶ በ‹የቀለበቶች ጌታ› ቁምነገረኛ ቋንቋ ሊጽፈው ተነሣ። ጥቂት ምዕራፎች ሄደና ለሰው አስነበበ። ያገኘው አስተያየት፣ ጽሑፉ ግሩም ነው፣ ግን ሆቢት አይደለም የሚል ነበር። ተወው። ሥራው ለሕዝብ የታየው ደራሲው ካረፈ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በ2007 ነው። ያችን አስተያየት የሰጠው ሰው ባይኖር፣ ልጆች ከመኝታ በፊት የሚነበብላቸው ያ ተጫዋች መጽሐፍ ዛሬ ሌላ ይሆን ነበር።

ደራሲው ከሞተ በኋላስ?

ሮአልድ ዳል ‹ቻርሊና የቸኮሌት ፋብሪካው›ን በ1964 ሲያሳትም ኡምፓ ሉምፓ የተባሉት የፋብሪካው ሠራተኞች ከአፍሪካ ጫካ የመጡ ጥቁር ድንክ ሰዎች ነበሩ፤ ደሞዛቸውም የካካዎ ፍሬ ነው። በአሜሪካ የጥቁሮች መብት ተሟጋቾች ተቃወሙ። ዳል በሕይወት ነበርና በ1973 በወጣው እትም ራሱ ለወጣቸው። ኡምፓ ሉምፓ ‹ሉምፓላንድ› ከሚባል በካርታ ላይ ከሌለ አገር የመጡ፣ ጸጉራቸው ወርቃማ የሆነ ፍጡራን ሆኑ። አዲስ አበባ ውስጥ ሆኖ ይህን መጽሐፍ ለልጁ የሚያነብ አባት ወይም እናት የትኛውን እትም እንደሚመርጡ መገመት አይከብድም። ከሰው ቤት በውሰት የመጣ በጣም አሮጌ ቅጂ ካጋጠመዎ ቀድመው ያገላብጡት።

ዳል በ1990 አረፈ። በየካቲት 2023 ግን ፓፊን የተባለው አሳታሚውና የደራሲው መብት ባለቤት ድርጅት በልጆች መጻሕፍቱ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቃላት መለወጣቸው ተሰማ። ለምሳሌ ሆዳሙ ልጅ ኦገስተስ ‹‹ወፍራም›› መባሉ ቀርቶ ‹‹ግዙፍ›› ተባለ። ውርጅብኙ ከየአቅጣጫው መጣ፤ ደራሲው ሳልማን ሩሽዲ ሳይቀር ተቃወመ። በዚያው ወር ማብቂያ ላይ ፓፊን ያልተነኩትንም 17 መጻሕፍት ለብቻ አትማለሁ ብሎ አስታወቀ። አሁን ሁለቱም ገበያ ላይ አሉ፤ ወላጅ ይመርጣል።

እነዚህን ሁለት እርማቶች ጎን ለጎን አስቀምጠው ይዩአቸው። በ1973 የተነካው ጉዳይ ከ2023ቱ እጅግ የከበደ ነበር፤ የፋብሪካው ሠራተኞች ማንነት ነው የተለወጠው። ግን ያን ያህል ጫጫታ ያስነሣው የቀለለው ነው። ልዩነቱ በብዕሩ ባለቤት ላይ ነው። ‹‹ወፍራም›› የሚለውን ቃል ማን እንደሰረዘው ዳል አያውቅም፣ አልተጠየቀምም። እንደኔ እንደኔ፣ ደራሲው በሌለበት ከልቦለድ ውስጥ ቃል ከማንሣት ግርጌ ላይ አንድ ማስታወሻ ማከል ይሻላል።

ደራሲው ፈቃዱን በጽሑፍ ትቶ ቢሞት እንኳ ነገሩ ቀላል አይደለም። ስኮት ፊትዝጄራልድ በ1934 ያሳተመው ‹ቴንደር ኢዝ ዘ ናይት› ከመካከል ጀምሮ ወደ ኋላ የሚመለስ ልቦለድ ነው። መጽሐፉ እንዳሰበው አልተሸጠለትም። እሱም ጥፋቱ የምዕራፎቹ ቅደም ተከተል ነው ብሎ አመነ፤ በራሱ ቅጂ ላይ ገጾቹን በጊዜ ቅደም ተከተል አስተካክሎ ‹‹የመጨረሻው›› የሚል ምልክት ትቶ በ1940 ሞተ። ሐያሲው ማልኮም ካውሊ ኑዛዜውን ተከትሎ በ1951 አሳተመለት። ሆኖም ዛሬ በአብዛኛው የሚነበበው የ1934ቱ ነው። ደራሲውም አንዳንዴ በራሱ መጽሐፍ ላይ የሚረታ ጠበቃ አይሆንም።

ወደ እኛ መደርደሪያ

የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ሲታተም ርዕሱ ‹ልብ ወለድ ታሪክ› ነበር። ብዙዎቻችን የምናውቀው ግን በኋላ በታተመበት ስም ‹ጦቢያ› ብለን ነው። ርዕሱ የመጽሐፉን ዓይነት ከመንገር ወደ ገጸ ባሕርይዋ ስም ተሻገረ፤ የድሮው ርዕስ ደግሞ ከመጽሐፉ ወጥቶ የጠቅላላው የድርሰት ዓይነት መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

የአማርኛ ልቦለድ ዳግም ሲታተም እንግሊዞቹ የማያውቁት ሥራ አለበት። አንደኛው ፊደል ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በድምፅ አንድ ሆነው በጽሕፈት ይለያያሉ። በመጀመሪያው እትም ‹ፀሐይ› ገጽ 12 ላይ በአንድ ዓይነት፣ ገጽ 80 ላይ በሌላ ዓይነት ተጽፋ ሊሆን ይችላል። በግዕዙ ‹ሠረቀ› ወጣ፣ ‹ሰረቀ› ደግሞ ዘረፈ ማለት ነውና ጨረቃዋን ሌባ የሚያደርግ አራሚ አይጠፋም። ደራሲው አንዱን መንገድ መርጦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መያዝ አለበት፤ የቱንም ቢመርጥ የሚቆጣ አንባቢ ይኖራል።

ሁለተኛው ከዚህ የባሰ ነው። አሮጌ መጽሐፍ በኮምፒዩተር ሲተየብ የአንዲት ፊደል እግር ወይም ቅጥያ ብትሳት ቃሉ አይበላሽም፤ ቃሉ ሌላ ትክክለኛ ቃል ይሆናል። ‹‹አባ መጡ›› የሚለው ‹‹አባ መጣ›› ሲሆን የሆሄ ማረሚያ ፕሮግራም አያየውም፤ ልጁ አባ ላይ ደፋር ሆኖ ይቀራል። ‹‹ተቀመጡ›› እና ‹‹ተቀመጠ›› የሚለያዩት በስስ ሰረዝ ነው። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የአማርኛ ፕሮግራሞች የተተየቡ ፋይሎች ደግሞ በአዲስ ኮምፒዩተር ሲከፈቱ እንግዳ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲህ ያለው ፋይል ቢለወጥም ከታተመው መጽሐፍ ጋር መስመር በመስመር መናበብ አለበት። አንዱ እያነበበ ሌላው እየተከተለ የሚሠራው የጥንቱ ዘዴ እስከ ዛሬ አልተሻረም።

መጥበቅና መላላትም አለ። ‹‹ይበላል›› ሲል ይበላ ይሆን ወይስ ይበሉት? ‹‹ገና›› በዓሉ ነው ወይስ ‹‹እስካሁን›› ማለት ነው? በጨዋታ ላይ ድምፃችን ይለየዋል፤ ወረቀት አይለየውም። ደራሲው ጮክ ብሎ ሲያነብ ግን ራሱ የጻፈው ዓረፍተ ነገር ላይ ተሰናክሎ የሚመለስባቸው ቦታዎች አሉ። እነዚህን በአዲሱ እትም ቃል አዙሮ ማቅናት ለአንባቢ ትልቅ ውለታ ነው።

እርስዎ ወይም የቤትዎ ሰው መጽሐፍ ካላችሁ

በየቤቱ ከምናስበው በላይ ደራሲ አለ። በራሳቸው ወጪ አንድ ልቦለድ አሳትመው፣ አንድ ሺህ ቅጂ ሸጠው ወይም ለዘመድ አዝማድ አድለው፣ ‹‹ሁለተኛውን ደግሞ አሻሽዬ አወጣዋለሁ›› የሚሉ አጎቶችና እናቶች ጥቂት አይደሉም። ለእነሱ የምለው አለኝ።

እርማት ከመጀመርዎ በፊት አንድ ንጹሕ ቅጂ ለይተው ያስቀምጡ፤ ያ አይነካም። በሌላው ላይ በእርሳስ ይሥሩ። መጀመሪያ የሚሻለው መለወጥ ሳይሆን ማንበብ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር፣ ጮክ ብሎ፣ ምልክት ብቻ እያደረጉ። መጽሐፉ ከታተመ በኋላ አንባቢዎች በስልክ፣ በለቅሶ ቤት፣ በታክሲ ውስጥ የነገሩዎትን ሁሉ ያስታውሱ። አንባቢ ስለ ዘይቤ ብዙ ላይናገር ይችላል፤ ረቡዕ ቀን ዶሮ ወጥ የበላውን ካህን ግን አይለቅም። ምዕራፍ ሁለት ላይ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የነበረች፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ምዕራፍ አምስት ላይ ሃያ ዓመት የሆናት ልጅም አትታለፍም። እንዲህ ያሉትን ያለ ርኅራኄ ያርሙ።

ማረም የሌለብዎ ደግሞ አለ። ገጸ ባሕርይዎ በ1960ዎቹ በሳንቲም ታክሲ ከተሳፈረ በሳንቲም ይሳፈር፤ የዛሬ ልጅ አይገባውም ብለው ወደ ብር አያሳድጉት። ሽማግሌውን ‹‹አንቱ›› ያሉበትን ‹‹እርስዎ›› አያድርጉት፤ ያ ‹‹አንቱ›› የአንድ ዘመንና የአንድ አገር ሽታ አለው። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ የወጣትነት ሙቀት ነው። በሃያ አምስት ዓመትዎ የጻፉት የፍቅር ደብዳቤ በሃምሳ ዓመትዎ ሲያነቡት ያሳፍራል፤ ግን የተጻፈው ለሃያ አምስት ዓመት ሰው ነው፣ የሚያነበውም እሱ ነው። ቶልኪን እንኳ የተሸነፈው እዚህ ላይ ነውና ጥቂት ገጽ ሠርተው መጽሐፉን ለሚወድ አንድ ሰው ያስነብቡ። ‹‹ቆንጆ ነው፣ ግን ያ መጽሐፍ አይደለም›› ካለዎት ብዕርዎን ያሳርፉ።

ደራሲው በሕይወት የሌለ እንደሆነ ጉዳዩ የወራሾች ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የድርሰት የኢኮኖሚ መብት ደራሲው በሕይወት ሳለና ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመታት ይጠበቃል። አባታችሁ የጻፈውን ልቦለድ ሊያሳትም የመጣ ሰው ‹‹ትንሽ አሻሽለነዋል›› ካለ፣ ውል ከመፈረም በፊት የተሻሻለው ምኑ እንደሆነ ገጽ በገጽ አሳየን ማለት ተገቢ ነው። ወንድማማቾችና እህትማማቾች ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ አንዱ ‹‹ያ ምዕራፍ ቤተሰባችንን ያሳፍራልና ይውጣ››፣ ሌላው ‹‹የአባዬ ቃል አይነካም›› የሚልበት ክርክር የውርስ ቤት ከመካፈል የማይተናነስበት ጊዜ አለ።

መጽሐፉ ተለውጦ ሲወጣ የአይኤስቢኤን ቁጥሩም አዲስ መሆን አለበት፤ ለድጋሚ ሕትመት ግን የድሮው ይበቃል። ሽፋኑ ላይ ‹‹ታርሞና ተሻሽሎ የቀረበ›› ብሎ መጻፍ ጥሩ ነው፤ መቅድሙ ላይ ምኑ ታርሞ ምኑ እንደተሻሻለ በአንድ ገጽ መናገር ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ፊደል ብቻ ከሆነ ፊደል ብቻ ነው ይበሉ። አንድ ምዕራፍ ከወጣ የትኛው እንደወጣና ለምን እንደወጣ ይጻፉት፤ የመጀመሪያውን እትም የያዘ አንባቢ ያን ምዕራፍ አውጥቶ ሊያነበው ይችላልና።